ከወናፍ እስከ ባትሪ፦ የዳሚ ብረት ሠሪዎችና የዓይን አደጋ

ዳሚ በሶማሌላንድ፣ በሐርጌሳ ከተማ ከሚገኙት ሰፈሮች አንዱ ነው። ነዋሪዎቹ በአብዛኛው ጋቦዬ በሚል የጋራ ስም የሚታወቁ የእጅ ባለሙያ ማኅበረሰቦች ናቸው። ከእነዚህ መካከል ቱማል የሚባሉት በብረት ሥራ፣ ሌሎቹ ደግሞ በቆዳ፣ በጫማና በፀጉር አስተካካይነት ሲተዳደሩ ኖረዋል። ከኢትዮጵያ የተሻገሩ ስደተኞችና የጉልበት ሠራተኞችም በሰፈሩ ይኖራሉ።

የብረት ሠሪዎቹ ታሪክ የአንድ የሥራ አደጋ ታሪክም ነው፤ የዓይን ጉዳት። በወናፍና በመዶሻ ዘመን ዓይንን የሚያሰጋው ከጋለ ብረት የሚወረወር ፍንጣሪ ነበር። መኪና ከመጣ በኋላ የባትሪ አሲድና የሚፈነዳ ጋዝ ተጨመሩበት። በሁለቱ አደጋዎች መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። የጋለ ብረት ይታያል፤ ልጅ ከአባቱ ጎን ቁጭ ብሎ መጠንቀቁን ይለምደዋል። ከባትሪ የሚወጣው ጋዝ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ በዓይን እያዩ መፍረድ የለመደ ባለሙያ ሊያየው አይችልም። በባትሪ ፍንዳታ ጉዳት የሚደርሰው አንዳንዴ ባለሙያው ማየት ፈልጎ ነበልባል ሲያቀርብ ወይም ብልጭታ ሲያስነሳ መሆኑም ከዚህ የመጣ ነው።

የቱማል ብረት

በሶማሌ አርብቶ አደር ማኅበረሰብ ግመል ማርባት የክብር ሥራ ሲሆን፣ ብረት መቀጥቀጥና ቆዳ ማልፋት ዝቅ ተደርገው ይታዩ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1854 እና በ1855 ዘይላን፣ ሐረርንና በርበራን ጎብኝቶ በ1856 ባሳተመው መጽሐፍ ቱማልን ጨምሮ እነዚህን ማኅበረሰቦች ለይቶ ጠቅሷቸዋል። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1961፣ የሥነ ሰብ አጥኚው ዮዋን ሉዊስ ስለ ሰሜን ሶማሌዎች ባወጣው ጥናት ልማዱ በዚያን ጊዜም እንደነበረ አሳይቷል። ባለሙያዎቹ በአንድ ትልቅ ጎሳ ጥላ ሥር ይኖሩ፣ ለጎሳው ጦርና ቢላዋ ይሠሩ ነበር፤ ከጎሳው ጋር መጋባት ግን አይፈቀድላቸውም ነበር።

ለኢትዮጵያ ደጋ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በአማራና በትግራይ ገጠር ቀጥቃጭ በቡዳነት ይታማ፣ በዓይኑ ሰው ይበላል እየተባለም ይፈራ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው የሚሰድብ ሁሉ እንዲቀጣ በአዋጅ ቢደነግጉም ሐሜቱ ከአዋጁ በኋላም ረጅም ዕድሜ ኖሯል። ዓይኑ ሰው ይጎዳል ተብሎ የሚፈራው ባለሙያ የራሱ ዓይን ግን ቀን ከቀን ከእሳት ፊት ነበር።

የሥራው መሣሪያ ጥቂት ነው፤ የፍየል ቆዳ ወናፍ፣ መዶሻ፣ ጉጠት፣ መስፍና ከሰል። ቀጥቃጭ የብረቱን ሙቀት የሚለካው በቀለሙ ነው። ብረት ወደ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ደብዛዛ ቀይ ይሆናል፤ ወደ 1,000 ሲጠጋ ደግሞ ወደ ብርቱካናማ ያደላል። መቼ እንደሚመታ፣ መቼ ወደ እሳቱ እንደሚመልስ፣ መቼ ውሃ ውስጥ እንደሚነክር የሚወስነው ዓይኑ ነው። ብረቱ በተመታ ቁጥር ግን ከላዩ የሚላቀቀው የጋለ ቅርፊት ይፈናጠራል። ልምድ ያለው ሠሪ ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል፣ ዓይኑን ያጠባል፣ ረዳቱን ፍንጣሪው ከሚሄድበት አቅጣጫ ያርቃል። መነጽር ባልነበረበት ዘመን መከላከያው ይኸው አቋቋም ነበር።

መኪና ወደ በርበራና ሐርጌሳ

ወደ እንግሊዝ ሶማሌላንድ ሞተር ያላቸው ተሽከርካሪዎች ከጦር ሠራዊት ጋር ገብተዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 1920 የእንግሊዝ አየር ኃይል የሶማሌውን የአመፅ መሪ ሰይድ መሐመድ አብደላ ሐሰንን ለመውጋት 12 አውሮፕላኖች ሲያሰማራ የጭነት መኪናዎችም አብረው ገብተው ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የመጀመሪያው መኪና የገባው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው፤ ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1907 መጨረሻ ገደማ ከጅቡቲ በኩል ተጉዞ ለምኒልክ አድርሷል።

በእነዚያ ዓመታት ሞተር የሚነሣው ከፊት በሚሰካ ብረት በእጅ እየተዞረ ነበር። ብረቱ ወደ ኋላ ሲመልስ የአዙሪውን የእጅ አንጓ ይሰብራል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ መኪና ላይ ሲገጠም ይህ ጣጣ መቅረት ጀመረ። ማስነሻው ግን ብዙ ኃይል በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ባትሪ ይፈልጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ መኪና በአሲድ የተሞላ ሣጥን ይዞ መዞር ጀመረ፤ የእጅ ስብራት ቀርቶ የዓይን አደጋ በቦታው ተተካ።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአካባቢው የመኪናውን ቁጥር አበዛው። ጣልያን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1940 እንግሊዝ ሶማሌላንድን ያዘ፤ እንግሊዞች በመጋቢት 1941 በርበራን መልሰው ያዙ። ከዚያ በኋላ የአስተዳደሩ መቀመጫ ከበርበራ ወደ ሐርጌሳ ተዛወረ። ጦሩ ካለፈ በኋላ የቀሩ ተሽከርካሪዎችና ቁርጥራጮች በየመንገዱ ተበተኑ። ለቀጥቃጭ መኪና በቅድሚያ የመጣለት እንደ ጥሬ ዕቃ ነበር። የተሰበረ ባሌስትራ ከአሮጌ ብረት ሁሉ የተሻለ በመሆኑ በአፍሪካ ቀንድ ባሉ መንደሮች ቢላዋ፣ መጥረቢያና ዶማ ሆኖ ወጥቷል። ከባሌስትራው ወደ መኪናው አካል፣ ከዚያም ወደ ሞተሩ መሻገር የአንድ ትውልድ ጉዞ ሆነ። ከበርበራ በሐርጌሳ በኩል ወደ ጅግጅጋ የሚወስደው መንገድ የንግድ መኪኖች መመላለሻ ሲሆን፣ የብረት ሥራና የመኪና ጥገና ለቱማል ተወላጆች የቀረቡ የከተማ ሙያዎች ሆኑ።

ባትሪ ለምን ይፈነዳል

የመኪና ባትሪ መሠረቱ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የሠራው የእርሳስና የሰልፈሪክ አሲድ ሴል ነው። ካሚል ፎር በ1881 የእርሳስ ውህድ ለጥፎ በሴሉ ውስጥ ያሉትን፣ ፕሌት የሚባሉትን የእርሳስ ሰሌዳዎች ሲያሻሽል ለሥራ የሚበቃ ዕቃ ሆነ። ዛሬ ያለው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ስድስት ሴሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ሲሞላ 2.1 ቮልት ያህል ይሰጣል። በውስጡ ያለው ፈሳሽ በክብደቱ ከመቶ 35 እስከ 38 የሚሆነው ሰልፈሪክ አሲድ ሲሆን ቀሪው ውሃ ነው።

ባትሪ ሲሞላ ኃይሉ ወደ ፕሌቶቹ ይገባል። የእያንዳንዱ ሴል ቮልቴጅ ከ2.4 ገደማ ሲያልፍ ግን ትርፉ ውሃውን ወደ ሁለት ጋዞች ይከፋፍለዋል፤ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን። አንድ አምፔር ለአንድ ሰዓት ትርፍ ከተሞላ ከአንድ ሴል 0.42 ሊትር ያህል ሃይድሮጅን ይወጣል፤ ከስድስቱ ሴሎች ሁለት ሊትር ተኩል ማለት ነው። በ10 አምፔር ለአንድ ሰዓት የተረሳ ባትሪ 25 ሊትር፣ በአንድ መስመር የተያያዙ አሥር ባትሪዎች 250 ሊትር ያመነጫሉ።

ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ ከመቶ 4 እስከ 75 እጅ ከሆነ ይቀጣጠላል። ለመቀጣጠልም የሚበቃው ብልጭታ ሰው በጣቱ ከሚሰማው እጅግ ያነሰ ነው። አንድ ሠራተኛ የሚፈነዳው ሰፊ ክፍል በሙሉ በጋዝ ሲሞላ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ ጋዙ ከአየር 14 ጊዜ ያህል ስለሚቀል ወደ ላይ ይበተናልና ይህ ብዙ ጊዜ አይሆንም። አደገኛው ቦታ በሴሉ ውስጥ ከፈሳሹ በላይ ያለው ባዶ ክፍተትና ከክዳኑ ቀዳዳ አጠገብ ያለው ጥቂት ስንዝር ነው። ከውጭ የተነሣ ብልጭታ በቀዳዳው በኩል ወደ ውስጥ ይገባል፤ አንዳንዴም በውስጥ የላላ ወይም የተሰበረ ማያያዣ ራሱ ብልጭታውን ይፈጥራል። የሣጥኑ ክዳን ይፈነጠቃል፣ የፕላስቲክ ስባሪው ይበተናል፣ አሲዱ ወደ ላይ ይረጫል። ጎንበስ ብሎ የሚሠራ ሰው ፊቱ ያለውም እዚያው ላይ ነው።

ፈሳሹ የጎደለ ባትሪ ከሞላው ይልቅ ያሰጋል። ውሃው ሲቀንስ ለጋዝ የሚተርፈው ክፍተት ይሰፋል፤ ከፈሳሹ በላይ የቀሩት ፕሌቶችም ይደርቃሉ፣ ይጣመማሉ፣ እርስ በርስ ተነካክተው ብልጭታ ይፈጥራሉ። ስለዚህ ሞቷል ተብሎ የተናቀ አሮጌ ባትሪ ሲሞላ ወይም በኬብል ሲነሣ የሚደርሰው ፍንዳታ ብዙ ነው።

የተከፈተ ባትሪ ዘመን

እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ድረስ የመኪና ባትሪ ሣጥን የሚሠራው ከጠንካራ ጥቁር ጎማ ሲሆን የላይኛው ፊት በሬንጅ ይታሸግ ነበር። ሴሎቹን የሚያገናኙት የእርሳስ ድልድዮች ከላይ ይታያሉ። ይህ አሠራር ጥገናን ፈቅዷል። አንድ ሴል ብቻ ሲበላሽ ሬንጁ በሙቀት ተላቆ፣ ድልድዩ ተቆርጦ፣ ፕሌቶቹ ወጥተው በአዲስ ይተካሉ፤ ከዚያ እርሳሱ በነበልባል ቀልጦ ይያያዛል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ሥራው ለቀጥቃጭ እጅ አይከብድም።

አደጋው ያለው በዚሁ ሥራ ውስጥ ነው። ነበልባል ጋዝ ባለበት ሣጥን ላይ ይቀርባል። የጊዜው የጥገና መመሪያዎች ነበልባል ከመቅረቡ በፊት ባትሪው ከቻርጅ ተነቅሎ እንዲቆይ፣ ክዳኖቹ እንዲከፈቱና በሴሉ ውስጥ ያለው ጋዝ በአየር ተነፍቶ እንዲወጣ ያዝዙ ነበር። መመሪያው ግን በመጽሐፍ ነው የተጻፈው፤ ሙያው ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነው። የሠራዊትና የኩባንያ ጋራዥ ሠራተኛ መመሪያውን ከአለቃው ሊሰማ ይችላል። በመንገድ ዳር የሚሠራው የሚማረው ከጎኑ ያለውን እያየ ነው፤ ያየውም ነገር ጋዙን አይጨምርም።

ሌላው የዚያ ዘመን አደጋ አሲድ መበጥበጥ ነበር። ጥቅጥቅ ያለ ሰልፈሪክ አሲድ ከመጠቀም በፊት በውሃ ይቀጠናል። በሞቃት አገር የፈሳሹ ጥግግት ከተለመደው 1.28 ወደ 1.24 ገደማ ዝቅ እንዲል ይመከራል፤ ይህም ፕሌቶቹ ቶሎ እንዳይበሉ ያግዛል። አሲድ በውሃ ላይ ቀስ እያለ ሲፈስ ሙቀቱ በውሃው ውስጥ ይሰራጫል። ውሃ በአሲድ ላይ ከተጨመረ ግን ወዲያው ፈልቶ ወደ ፊት ይረጫል።

መብራት ባልደረሰበት ቦታ ባትሪ ከመኪናም ውጭ ሥራ ነበረው። ትራንዚስተር ከመስፋፋቱ በፊት የነበሩት ትልልቅ ሬዲዮኖች መብራት በሌለበት የሚሠሩት በእርሳስ ባትሪ ነው። በሐርጌሳ የሬዲዮ ስርጭት እ.ኤ.አ. በ1943 ተጀምሯል፤ የቢቢሲ የሶማሊኛ ስርጭትም በ1957 ተከትሏል። ባትሪ መሙላት ከመኪና ጥገና የተለየ ራሱን የቻለ ገቢ ሆነ።

ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጎማው ሣጥን በፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ ተተካ፤ ድልድዮቹም ወደ ውስጥ ገቡ። በ1970ዎቹ ውሃ የማይጨመርባቸው፣ እርሳሳቸው በካልሲየም የተቀየጠ ባትሪዎች ገበያ ላይ ዋሉ። የሚያመነጩት ጋዝ ያነሰ ቢሆንም ጨርሶ የታሸጉ አይደሉም፤ መተንፈሻ አላቸው። ከመጠን በላይ ሲሞሉ እነሱም ጋዝ ያወጣሉ።

ከጦርነቱ በኋላ

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1988 አማፂው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ወደ ቡርኦና ሐርጌሳ ሲገባ የሶማሊያው የሲያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደባት። ከተማዋ በአብዛኛው ፈረሰች። ሕዝቧ ድንበር ተሻግሮ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በጅግጅጋ አቅራቢያ ሐርትሼክን በመሳሰሉ መጠለያዎች ሰፈረ። ሶማሌላንድ እ.ኤ.አ. ግንቦት 18 ቀን 1991 ነጻነቷን ካወጀች በኋላ ተፈናቃዮቹ ቀስ በቀስ ተመለሱ፤ የሐርትሼክ መጠለያ በ2004 ተዘጋ።

ከፍርስራሹ የተነሣችው ሐርጌሳ በባትሪ ላይ ይበልጥ የምትደገፍ ከተማ ነበረች። የመንግሥት መብራት ስላልነበረ የግል ባለሀብቶች በናፍጣ ጄኔሬተር ለየሰፈሩ ኃይል ማከፋፈል ጀመሩ፤ ዋጋው ውድ፣ ስርጭቱም ያልተሟላ ነበር። አምፖል፣ ሬዲዮና በኋላም የእጅ ስልክ በመኪና ባትሪ ይሠሩ ነበር። የፀሐይ ኃይል ሲመጣም ማታ የሚጠቅመው ኃይል በባትሪ ተጠራቅሞ ነው።

መኪኖቹ ደግሞ አሮጌ ናቸው። አብዛኞቹ በጃፓን አገልግለው በዱባይና በበርበራ በኩል የሚገቡ፣ መሪያቸው በቀኝ ያለ፣ በቀኝ መንገድ የሚነዱ ናቸው። ከነሱ ጋር የመጣው ባትሪ አሮጌ ስለሆነ ተሞልቶ፣ ተጠግኖ፣ ከመኪና መኪና ተዛውሮ እስኪያልቅ ይሠራበታል። የአየሩ ጠባይም ይጨመራል። ሐርጌሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ነፋሻማ ናት፤ የበርበራ ሙቀት ግን በሞቃታማዎቹ ወራት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሙቀት የባትሪውን ውሃ ያተናል፣ ዕድሜውንም ያሳጥራል። በርበራና ሐርጌሳን የሚያመላልስ መኪና ፈሳሹ የጎደለ ባትሪ ይዞ ጋራዥ መድረሱ የተለመደ ነው።

ውሃ መጨመርም የራሱ ጥንቃቄ አለው። የጉድጓድ ውሃ ማዕድን ስለሚበዛበት ፕሌቶችን ያበላሻል፤ ለባትሪ የሚሆነው የተጣራ ውሃ ነው። ከጎደለ በኋላ የሚጨመረውም ውሃ ብቻ ነው እንጂ አሲድ አይደለም፤ ወደ አየር የሄደው ውሃው ሲሆን አሲዱ እዚያው ቀርቷል።

ዓይን ላይ የሚደርሰው

አንድ ፍንዳታ ዓይንን በሦስት መንገድ ይጎዳል፤ በምት፣ በስባሪና በአሲድ።

ምቱ የዓይን ኳስን ይጨምቃል። ከፊት ባለው ክፍል ደም ይጠራቀማል፤ ሌንሱ ከቦታው ሊንሸራተት፣ ሬቲናው ሊቀደድ ወይም ሊላቀቅ ይችላል። አንዳንዱ ጉዳት የሚታየው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ነው፤ የዓይን ሞራ ያለ ዕድሜው ይመጣል፣ ወይም የፈሳሽ መውጫው ተጎድቶ ግላኮማ ያስከትላል። የተሻለው የመሰለ ሰው ለክትትል ወደ ሐኪም መመለስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የፕላስቲክ ስባሪ የዓይን ሽፋንንና ኮርኒያ የሚባለውን ከፊት ያለ ጥርት ያለ ክፍል ይቆርጣል፤ አልፎም ኳሱን ይበሳል። ፕላስቲክ እንደ ብረት በኤክስሬይ ጎልቶ ስለማይታይ ሳይገኝ ሊቀር ይችላል።

አሲዱ የኮርኒያን ፕሮቲን እንደ እንቁላል ነጭ ያረጋዋል። የረጋው ድርብ አሲዱ ወደ ጥልቁ እንዳይዘልቅ በመጠኑ ያግደዋል፤ ስለዚህ የባትሪ አሲድ እንደ ኖራ ወይም እንደ ጠንካራ የማጽጃ ሶዳ ወደ ውስጥ አይገባም። ይህ ማለት ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም። ውሃው የተነነበት፣ የጠነከረ አሲድ ወይም ሳይታጠብ የቆየ ቅሪት ኮርኒያን ጠባሳ ያደርገዋል። በኮርኒያው ዙሪያ ያሉት አዲስ ሽፋን የሚያፈሩ ሴሎች ከሞቱ ዓይኑ ራሱን መጠገን ያቅተዋል፤ የዓይን ሽፋኑም ከኳሱ ጋር ሊጣበቅ ይችላል።

የመጀመሪያ እርዳታ

አሲድ ዓይን ከነካ በኋላ የሚታየውን ውጤት የሚወስኑት የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው። ንጹሕ ውሃ ባለበት ቦታ ሁሉ ወዲያው ማጠብ ይጀመራል፤ ሆስፒታል እስኪደርሱ አይጠበቅም። የዓይን ሽፋኖቹ በጣት ተከፍተው ውሃው ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ እየፈሰሰ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይታጠባል፤ እንዲህ ሲሆን ከአንዱ ዓይን የወጣው አሲድ ወደ ሌላው አይገባም። ተጎጂው ሕመሙ ዓይኑን ስለሚያስጨፍነው ሌላ ሰው ሽፋኑን ሊይዝለት ይገባል። ዓይን ላይ የሚደረግ ሌንስ (ኮንታክት ሌንስ) ካለ ይወጣል፤ አሲድ የነካው ልብስም ይወልቃል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ውሃ ብዙ ነው፤ በሐርጌሳ ደግሞ ውሃ ርካሽ አይደለም። ከተማዋ የምትጠጣው ከሰሜን በኩል ካለው ከጌድ ዴብሌ ጉድጓዶች በቧንቧ በሚመጣና በቦቴ ወይም በአህያ ጋሪ በሚሸጥ ውሃ ነው። ቧንቧ በሌለበት ጋራዥ 20 ሊትር የሚይዝ ንጹሕ ጀሪካን ለዚህ ብቻ ተለይቶ ቢቀመጥ የቧንቧን ሥራ ይሠራል። እጅ በሚታጠብበት ወይም ጎማ በሚፈተሽበት ውሃ መተማመን አይበቃም፤ በሚያስፈልግበት ሰዓት ባዶ ወይም ቆሻሻ ሊሆን ይችላል።

አሲዱን ለማክሸፍ ተብሎ ሶዳ ዓይን ውስጥ አይጨመርም፤ ሶዳ ለባትሪው ሣጥንና ለመሬቱ ነው። በኢትዮጵያ ገጠር እንደሚደረገው የእናት ጡት ወተት ወይም የቅጠል ጭማቂ መጨመርም ጉዳቱን ያባብሳል። ዓይኑ አይታሽም። ኳሱ የተቀደደ ከመሰለ ወይም ስባሪ ተሰክቶ ከታየ በኃይል አይታጠብም፣ አይጫንም፣ ስባሪውም አይነቀልም። አሲዱ ውሃው ሳይጫን በዝግታ ይታጠባል፤ ከዚያ ዓይኑ ሳይነካ በኩባያ ቂጥ ወይም በሌላ ጠንካራ ክዳን ተሸፍኖ ወደ ሆስፒታል ይኬዳል። በሆስፒታል የአሲዱ መጠን በወረቀት ይለካል፤ ወደ ጤናማው መጠን እስኪመለስ በጨው ውሃ መታጠቡ ይቀጥላል።

መከላከያው

ፍንዳታ የሚከሰተው ጋዝና ብልጭታ ሲገናኙ ነው። መከላከያው ሁሉ ሁለቱን ማራራቅ፣ ካልሆነም ዓይንን መሸፈን ነው።

የፈሳሹን መጠን ለማየት ክብሪት ወይም ላይተር ማቅረብ ከቀድሞው ዘመን የቀጠለ ገዳይ ልማድ ነው። የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት ያንኑ ያሳያል። ሌላው ክፉ ልማድ ባትሪው ኃይል እንዳለው ለማወቅ ሁለቱን ጫፍ በሽቦ ወይም በመፍቻ አነካክቶ ብልጭታ መመልከት ነው። ይህን ሥራ ቮልት ሜትር ያለ ብልጭታ ይሠራዋል፤ ሳይሠራ የቆየና የተሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። በባትሪ አጠገብ ሲጋራ አይጨስም። ብየዳ ከሚሠራበት ቦታ ባትሪ ይርቃል፤ መኪናው ላይ ብየዳ ካለ የባትሪው ሽቦ ቀድሞ ይነቀላል።

የሚሞላበት ቦታ መስኮቱ ወይም ቀዳዳው ከፍ ብሎ መሆን አለበት፤ ሃይድሮጅን ወደ ላይ ይወጣልና። ኬብሉ ባትሪው ላይ የሚሰካውና የሚነቀለው ቻርጀሩ ጠፍቶ ሲሆን ነው። የሚፈላ ወይም የሞቀ ባትሪ ከቻርጅ ወጥቶ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። የላሉ ጫፎች ጠብቀው ይታሰራሉ፣ ነጭ ዝገታቸው ይጠረጋል። ሣጥኑ የተሰነጠቀ ባትሪ አይሞላም፣ በኬብልም አይነሣም።

ሽቦ ሲፈታ ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘው አሉታዊ ጫፍ ይቀድማል፤ ሲታሰር ደግሞ መጨረሻ ይሆናል። መፍቻው በስሕተት የመኪናውን አካል ቢነካ ብልጭታ እንዳይነሣ የሚያደርገው ይህ ቅደም ተከተል ነው።

የሞተ ባትሪ ከሌላ መኪና በኬብል ሲነሣ ሁለቱ መኪኖች አይነካኩም፤ የሁለቱ ቮልቴጅ አንድ መሆኑ ይረጋገጣል። ባለ 24 ቮልት ከባድ መኪና ባለ 12 ቮልቱን አያነሣም። ቀዩ ኬብል በመጀመሪያ በሞተው ባትሪ አዎንታዊ ጫፍ፣ ቀጥሎ በደህናው አዎንታዊ ጫፍ ይታሰራል። ጥቁሩ በደህናው አሉታዊ ጫፍ ይታሰርና ሌላው ጫፉ ከሞተው ባትሪ ርቆ ቀለም በሌለው የሞተር ብረት ላይ ይያያዛል። የመጨረሻው ማያያዣ ሁልጊዜ ጥቂት ብልጭታ ስለማያጣ ከጋዙ መራቅ አለበት። መንቀሉ በተቃራኒው ቅደም ተከተል ይሆናል። ሲያያዝና ሲነሣ ማንም ባትሪው ላይ አይጎነበስም።

የዓይን መከላከያ ተራ መነጽር አይደለም። ለአሲድ የሚሆነው ከጎንና ከላይ የሚዘጋ፣ ፊት ላይ የሚገጥም መነጽር ነው። በአውሮፓ መለኪያ ኢኤን 166 መሠረት ፈሳሽ ፍንጣቂን የሚከላከለው ፍሬሙ ላይ 3 ቁጥር ይጻፍበታል፤ የቀለጠ ብረትን የሚከላከለው ደግሞ 9። የብየዳ ጥቁር መስታወት ብርሃኑን ይቀንሳል እንጂ በጎን የሚገባውን አሲድ አያቆምም። አሲድ ሲበጠበጥ የፊት ጋሻ፣ የጎማ ጓንትና ሽርጥ ይጨመራሉ።

ከድንበሩ ወዲህ፣ የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መከላከያ መሣሪያ ማቅረብንና ማስተማርን በአሠሪው ላይ ግዴታ ያደርጋል፤ ሠራተኛውም የተሰጠውን እንዲጠቀም ያዝዛል። በመንገድ ዳር የሚሠራ ጋራዥ ግን አሠሪውም ሠራተኛውም ብዙ ጊዜ አንድ ቤተሰብ ነው፤ መማሪያውም የሥራው ቦታ ነው። ወናፍ የሚነፋ ልጅ ፊቱን ከፍንጣሪ ማዞር ከአባቱ እንደተማረ ሁሉ፣ የባትሪ ረዳትም መነጽሩን፣ የኬብሉን ቅደም ተከተልና የውሃውን ጀሪካን ከመፍቻው ጋር አብሮ ሊማር ይገባል። በዳሚም ሆነ በሌላ ከተማ የባትሪ ፍንዳታ የሚያስከትለው የዓይን ጉዳት በዋነኝነት የሚከላከለው በእነዚህ በዋጋ ርካሽ በሆኑ ልማዶች ነው።